ከርነልና ቡት ሎደር፦ የግማሽ ምዕተ ዓመት ድርድር

እስኪ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ኮምፒውተር ላይ አንድን ፕሮግራም ከዲስክ አንስቶ ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጠውና «በል ሥራህን ጀምር» የሚለው ማነው? ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ። ታዲያ ማሽኑ ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ዲስክ ላይ የተኛ ፋይል ከሆነ፣ እሱንስ የሚያነሳው ማነው?

የእኛ ሰው ቢሆን «ዶሮዋ ትቀድማለች ወይስ እንቁላሉ» ብሎ ይስቅና ያልፈዋል። ፈረንጆቹ ግን ለነገሩ ስም አወጡለት። አንድ ሰው የቡት ጫማውን ማንጠልጠያ በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ከመሬት ለማንሳት ሲታገል አስቡት። «ቡት ማድረግ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ አባባል ነው።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህች የጥቂት ሰከንዶች ጊዜ ታሪክ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉን የሚያነሳው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ቡት ሎደር ይባላል። ሁለቱ እንዲግባቡ ከርነሉ ቡት ሎደሩ በሚያውቀው ፎርማት መቅረብ አለበት። ይህ ፎርማት ደግሞ ባለፉት 50 ዓመታት ደጋግሞ ተቀይሯል። ነገሩ ደረቅ እንደሚመስል እናውቃለን። ግን ትንሽ ታገሱን፤ መጨረሻው ላይ የሚመጣው ጥያቄ «በገንዘቤ በገዛሁት ዕቃ ላይ ምን እንደሚነሳ የሚወስነው ማነው?» የሚል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በእጅ የሚነሳ ኮምፒውተር

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት እንደ ፒዲፒ-11 ያሉ ማሽኖች ፊታቸው ላይ በተርታ የተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሯቸው። ማሽኑን ለማስነሳት ኦፕሬተሩ እነዚህን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ አንድ አጭር ፕሮግራም፣ ቁጥር በቁጥር፣ በእጁ ሜሞሪው ውስጥ ያስገባ ነበር። ያ አጭር ፕሮግራም ከወረቀት ጥቅል ወይም ከዲስክ ላይ ረዘም ያለውን ያነባል፤ ረዘም ያለው ደግሞ ዋናውን ይጠራል። አንዲት ማብሪያ ከተሳሳተች እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

በዚሁ በፒዲፒ-11 ላይ ነበር የቤል ላብስ ሰዎች ዩኒክስን ያሳደጉት። እዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ገጸ ባሕርይ ብቅ ይላል፦ የፋይል ራስጌ። አንድ ፕሮግራም ተጽፎ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም የሚወጣው ፋይል ውስጥ ያለው ትዕዛዝ ብቻ አይደለም። ፊቱ ላይ «ትዕዛዙ ይህን ያህል ነው፣ ዳታው ይህን ያህል ነው» የሚል መግለጫ ይለጠፍበታል። እንደ ዕቃ መላኪያ ደረሰኝ ማለት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደረሰኙን ያነብና ዕቃውን በየቦታው ያወርዳል። ከርነሉ ሲነሳ ግን ደረሰኝ የሚያነብ ማንም የለም። ፋይሉን እንዳለ ሜሞሪ ላይ ዘርግፋችሁ የመጀመሪያውን መስመር «አስፈጽም» ብትሉት ማሽኑ ደረሰኙን ትዕዛዝ መስሎት ለማስፈጸም ይሞክራል። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ።

ዩኒክሶች ለዚህ ያመጡት ዘዴ ብልሃተኛ ነበር። ኤ-ዶት-አውት የሚባለው ፎርማት ራስጌው የሚጀምረው በስምንትዮሽ አቆጣጠር 407 በሚባል ቁጥር ነበር። ይህ ቁጥር ለፒዲፒ-11 ፕሮሰሰር ትርጉም አለው፦ «ይህን ራስጌ ዘለህ እለፍ» የሚል ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ማንበብ ለሚችል ደረሰኝ ነው፤ ለማይችል ደግሞ «እኔን እርሳኝና ወደ ውስጥ ግባ» የሚል ምልክት ነው። ዛሬ ፕሮግራመሮች የፋይልን ዓይነት የሚለዩበትን የመጀመሪያ ቁጥር «ማጂክ ነምበር» ይሉታል። የዚያ ልማድ አንዱ ሥር ይኸው 407 ነው።

የ512 ባይት በር

በ1981 አይቢኤም ፒሲውን አወጣ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ቀሩና ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ማሽኑ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ተጽፎ መጣ። ባዮስ ሲበራ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፦ ከዲስኩ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነባል፣ ሜሞሪ ላይ አንድ የታወቀ ቦታ ያስቀምጣቸዋል፣ ከዚያ «በል ቻው» ብሎ ይለቃቸዋል።

512 ባይት ምን ያህል ነው? በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 170 ፊደል ብቻ ይይዛል ማለት ነው፤ የአንድ አጭር የፍቅር መልእክት ያህል። በ1983 ፒሲው ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ከዚህችው ላይ 64 ባይት ለዲስክ ክፍፍል ሰንጠረዥ፣ 2 ባይት ደግሞ ለመለያ ምልክት ተወሰደ። ለቡት ሎደሩ የቀረችው 446 ባይት ናት። የፒሲ ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ የገባው በዚህች ጠባብ በር ነው።

የሄልሲንኪው ተማሪና የመጀመሪያው ለውጥ

በመስከረም 1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን የመጀመሪያ ቅጂ፣ 0.01ን፣ ለቀቀ። ከከርነሉ ኮድ ጋር «ቢውልድ» የሚባል አንዲት አነስተኛ ፕሮግራም አብራ ነበረች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ኮምፓይለሩ ያወጣውን የከርነል ፋይል ትወስዳለች፣ 1,024 ባይት ያለውን ራስጌ ቆርጣ ትጥላለች፣ ከፊቱ የማስነሻውን ኮድ ትለጥፍበታለች፣ ከዚያም አንድ ወጥ ፋይል ታወጣለች። ያንን ፋይል ፍሎፒ ላይ እንዳለ ከገለበጣችሁት የፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ራሳቸው ባዮስ የሚፈልጋቸው 512 ባይቶች ናቸው። ከርነሉ የራሱን ቡት ሎደር ግንባሩ ላይ ለጥፎ ይዞር ነበር ማለት ነው። ለአንድ ተማሪ የሚበቃ፣ እጅግ ቀላል መፍትሔ!

ግን ከርነሉ ወፈረ። አዲስ ሃርድዌር በመጣ ቁጥር አዲስ ኮድ ይጨመራል። ስለዚህ ከርነሉን መጭመቅ ተጀመረ። ሂደቱን ከዛሬዎቹ መሣሪያዎች ጋር አያይዘን ብንነግራችሁ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮምፓይለሩና ሊንከሩ ቪኤምሊኑክስ የሚባለውን ሙሉ ፋይል ያወጣሉ። ቀጥሎ ኦብጅኮፒ የሚባለው መሣሪያ ራስጌውንና ለማሽኑ የማይረቡትን ማስታወሻዎች ገፍፎ ጥሬ ኮዱን ያስቀራል። እሱ በጂዚፕ ይጨመቃል። የተጨመቀው ነገር ደግሞ ራሱን መፍታት በሚችል ትንሽ ፕሮግራም ጀርባ ላይ ይታዘላል፤ ፕሮግራመሮቹም ይህን የታዘለ ፋይል «ፒጊ» ብለው ሰየሙት። በመጨረሻ ከፊቱ ማሽኑን የሚያዘጋጅ ኮድ ይለጠፋል። የተገኘው ፋይል ዚ-ኢሜጅ ተባለ።

ሊኑክስ የጫናችሁ ሰዎች ዲስካችሁ ላይ «ቪኤምሊኑዝ» የሚል ፋይል አይታችሁ ይሆናል። የስሙ ነገር ደስ ይላል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የበርክሌይ ሰዎች ለዩኒክስ ቨርቿል ሜሞሪ ሲጨምሩለት ከርነሉን «ቪኤም-ዩኒክስ» አሉት። ሊኑክስ ያንን ወርሶ ቪኤምሊኑክስ ሆነ። ሲጨመቅ ደግሞ የመጨረሻዋ ፊደል በዜድ ተተካች። አንዲት ፊደል ብቻ፣ ግን ውስጧ አንድ ሙሉ የለውጥ ሰንሰለት አለ።

ሲሮጡ የታጠቁት

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ዚ-ኢሜጅ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ፒሲ ሲነሳ መጀመሪያ የሚገባው ከ1 ሜጋባይት በላይ ማየት በማይችልበት አሮጌ ሁኔታ ነው። ከዚያም ላይ ለፕሮግራም የተተወው 640 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሊኑክስ በዚህ ቦታ ላይ የመደበው ከ64ኛው እስከ 576ኛው ኪሎባይት ያለውን ስለነበር፣ የተጨመቀው ከርነል ከ512 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም። በ1991 ይህ ሰፊ ሜዳ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ከርነሉ እዚያ ውስጥ አልበቃ አለ።

በ1996 መፍትሔ መጣ፦ ቢዚ-ኢሜጅ። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ «ቢዚፕ2» በሚባለው መጭመቂያ የተጨመቀ ይመስለዋል። አይደለም፤ «ቢግ ዚ-ኢሜጅ»፣ ትልቁ ዚ-ኢሜጅ ማለት ነው። ዘዴው የማዘጋጃውን ትንሽ ኮድ እታች ትቶ ትልቁን ክፍል ከ1 ሜጋባይት በላይ ማስቀመጥ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በዚያን ጊዜ በከርነሉና በቡት ሎደሩ መካከል የጽሑፍ ውል ተፈረመ። ከርነሉ ራስጌው ላይ በታወቀ ቦታ መለያ ፊደላትና የውሉን ቁጥር ይጽፋል፤ ቡት ሎደሩ ደግሞ ያንን አንብቦ ከርነሉን የት እንዳስቀመጠውና ተጠቃሚው ምን ትዕዛዝ እንደሰጠ በተመደበለት ቦታ ይሞላል። የመጀመሪያው የውሉ ቅጂ 2.00 ከከርነል 1.3.73 ጋር መጣ። ይኸው ውል እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሊሎና ግረብ

ውሉን ከቡት ሎደሮቹ ወገን ከፈረሙት መካከል የመጀመሪያው ዝነኛ ሊሎ ነው። ዌርነር አልምስበርገር በ1992 የጀመረው ነው። ሊሎ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው «ከርነሉ በዲስኩ በዚህኛውና በዚያኛው ቁራጭ ላይ ይገኛል» የሚል ዝርዝር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ከርነል ጭናችሁ ሊሎን ዳግመኛ ማስኬድ ከረሳችሁ ጉዳችሁ ፈላ። ማሽኑ ሲነሳ «ሊሎ» የሚለውን ስም ፊደል በፊደል ይጽፍ ስለነበር ችግሩ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በቆመበት ፊደል ነበር። ስሙን ግማሽ ድረስ ጽፎ ዝም ያለ ስክሪን ያየ የዚያ ዘመን ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም።

በ1995 ደግሞ ኤሪክ ቦሊን የሚባል ሰው ጂኤንዩ ኸርድ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለማስነሳት ሲታገል አንድ ነገር አስመረረው። እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የየራሱ አነሳስ አለው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይግባባም። ስለዚህ ከብራያን ፎርድ ጋር ሆኖ መልቲቡት የሚባል የጋራ ስምምነት ነደፈ። በዚህ ስምምነት ከርነሉ ተገፍፎ ጥሬ መሆን አያስፈልገውም። ኤልፍ በሚባለው መደበኛ ፎርማት እንዳለ ይቀርባል፤ ከፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 8,192 ባይቶች ውስጥ አንድ ቦታ ላይ መለያ ቁጥሩን ካስቀመጠ ይበቃል። ደረሰኙን የሚያነበው ቡት ሎደሩ ራሱ ነው። ያንን ለማድረግ የተጻፈው ቡት ሎደር ግረብ ሆነ፤ በ1999 በይፋ የጂኤንዩ ፕሮጀክት አካል ተደረገ።

የሚያስቀው ነገር ኸርድ ብዙ ሰው ቤት አልገባም፤ እሱን ለማስነሳት የተሠራው ግረብ ግን የሊኑክስ ዓለም ዋና በር ሆነ። ሊኑክስ በበኩሉ መልቲቡትን አልተቀበለም። የራሴ ውል አለኝ ብሎ ስለቆመ ግረብ የሊኑክስን ቋንቋ መማር ነበረበት። ለአንድነት ተብሎ የተጻፈ ስምምነት፣ ብዙ ተከታይ ላለው ሲንበረከክ በኮምፒውተር ዓለምም ያጋጥማል።

ራስጌው ተገፍፎ እንደገና ሲለብስ

ከፒሲ ወጣ ስንል ልብሱ ይበዛል። ራውተርና የፋብሪካ መቆጣጠሪያን በመሳሰሉ ትንንሽ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ቡት ሎደር ዩ-ቡት ነው። ዎልፍጋንግ ዴንክ በ2000 ፒፒሲቡት ብሎ የጀመረው ሲሆን በ2002 ዩ-ቡት ተባለ። እሱ ዘንድ ለመቅረብ ከርነሉ ኤምኬ-ኢሜጅ በሚባል መሣሪያ በኩል ያልፋል። መሣሪያው ከፊቱ 64 ባይት ራስጌ ይለጥፍለታል፦ መለያ ቁጥር፣ የተሠራበት ጊዜ፣ መጠን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ከየት እንደሚጀምር፣ ፋይሉ እንዳልተበላሸ የሚያረጋግጥ ድምር፣ እና ስም።

ከሁሉ የሚገርመን ግን የሊኑክስ-ባዮስ ታሪክ ነው። በ1999 በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሮን ሚኒች «በርካታ ማሽኖችን አንድ ላይ ስናሠራ ይህ የተዘጋ ባዮስ ለምን ያስቸግረናል?» ብሎ በነጻ ሶፍትዌር የሚተካበትን ሥራ ጀመረ። ፕሮጀክቱ በ2008 ስሙን ቀይሮ ኮርቡት ሆነ። ማስነሻው ኤልፍ ፋይል ነበር የሚያነበው። ስለዚህ ኤሪክ ቢደርማን ከርነሉን ወደ ኤልፍ የሚቀይር መሣሪያ ጻፈ። ልብ በሉ! ከርነሉ መጀመሪያ ከሊንከሩ ሲወጣ ኤልፍ ነበር። ለፒሲው ሲባል ተገፈፈ፣ ተጨመቀ፣ ቢዚ-ኢሜጅ ሆነ። አሁን ደግሞ ለአዲሱ ባለቤት ሲባል ተመልሶ ኤልፍ ለበሰ። ይኸው ቢደርማን አንድ ከርነል በራሱ ሌላ ከርነል እንዲያስነሳ የሚያደርገውን ኬክሴክም ሠራ፤ በ2005 ከከርነል 2.6.13 ጋር ገባ።

የማይክሮሶፍት ልብስ

ኢንቴል ባዮስን ለመተካት የጀመረው ኢኤፍአይ በ2005 ብዙ ኩባንያዎች ወደ ሚመሩት ፎረም ተዛወረና ዩኢኤፍአይ ተባለ። የ512 ባይቷ በር ቀረች። አዲሱ ሥርዓት የዲስክ ፋይሎችን ማንበብ ይችላል፤ ግን የሚያስነሳው ፕሮግራም የማይክሮሶፍት ፒኢ ፎርማት እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ፎርማት የሚጀምረው በኤምና በዜድ ፊደላት ነው፤ የዶስን ፎርማት የነደፈው የማይክሮሶፍቱ ማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው።

ሊኑክስ ምን አደረገ? በመጋቢት 2012 በወጣው ከርነል 3.3 ላይ ያው ቢዚ-ኢሜጅ ፒኢም እንዲሆን ተደረገ። ከፍሎፒ በቀጥታ መነሳት በ2.6 ዘመን ቀርቶ ስለነበር፣ የሊኑስ የፍሎፒ ኮድ ይቀመጥበት የነበረው የፋይሉ ግንባር ላይ የማይክሮሶፍት ራስጌ ተቀመጠበት። ለግረብ ሲቀርብ አሮጌውን ውል ያሳያል፤ ለዩኢኤፍአይ ሲቀርብ ደግሞ ኤምዜድ ብሎ ይገባል። አንድ ፋይል ነው፣ ግን ሁለት መታወቂያ አለው። ከ407 ብልሃት ጋር ሲነጻጸር አርባ ዓመት ቆይቶ ያው ዘዴ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከቅርጽ ወደ ማህተም

እስካሁን ያወጋናችሁ ፎርማቶች በሙሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ቅርጽህ ይታወቃል ወይ?» ቅርጹን ያወቀ ማንም ሰው፣ ተማሪም ይሁን ጡረተኛ፣ ከርነሉን ቀይሮ ማስነሳት ይችላል። መግለጫው ላይ የተጻፈውን ማንበብና መሣሪያ መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሴኪዩር ቡት በሰፊው ሲገባ ጥያቄው ተቀየረ፦ «ማነው ማህተም ያደረገብህ?» ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ አለ፤ ፋይሉ በዚያ ቁልፍ ካልተፈረመ አይነሳም። ባይት ብትቀይሩ ፊርማው ይፈርሳል። ማይክሮሶፍት ለተራ ፒሲዎች ተጠቃሚው ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት እንዲችል ግዴታ አደረገ፤ በኤአርኤም ፕሮሰሰር በሚሠሩት ላይ ግን ማጥፋትን ከለከለ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ደግሞ የፒሲውንም ጉዳይ ለአምራቾቹ ተወው። የሊኑክስ ሰዎች በማቲው ጋሬት በኩል ሺም የሚባል ትንሽ ቡት ሎደር ሠርተው ማይክሮሶፍት እንዲፈርምበት አደረጉ። በሺም በኩል ተጠቃሚው የራሱን ቁልፍም ማስመዝገብ ይችላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ዩኪፋይ በሚባል መሣሪያ ከርነሉን፣ የመነሻ ዲስኩንና የትዕዛዝ መስመሩን በአንድ የፒኢ ፋይል ጠቅልሎ አንድ ጊዜ መፈረም ቀሏል።

ለፍትሕ ስንል የሌላውንም ወገን እንናገር። ስጋቱ ፈጠራ አይደለም። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት የሚነሳ ቫይረስ ካለ ከሱ በኋላ የሚመጣ አንቲቫይረስ ምንም አያደርግለትም። በ2023 ይፋ የሆነው ብላክሎተስ ሴኪዩር ቡት እያለ እንኳ ሾልኮ ገብቷል። ስለዚህ ቁልፉ ያስፈልጋል፤ ግን ፍጹም አይደለም።

የእኛ ጥያቄ ቁልፍ ለምን ኖረ የሚል አይደለም። ቁልፉ በማን ኪስ ነው የሚል ነው። ኪስ ካልን ዘንድ የናንተን ኪስ እንይ። አንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። እሱም የራሱ ልብስ አለው፦ የማስነሻ ፋይሉ በእንግሊዝኛ «አንድሮይድ» ብሎ በቃለ አጋኖ ይጀምራል፤ በድምሩ 8 ባይት። ከርነሉን ወደዚያ ቅርጽ የሚቀይረው መሣሪያ ለማንም ክፍት ነው። ነገር ግን የብዙ ስልኮች ቡት ሎደር የተቆለፈ ነው። አንዳንዱ አምራች ባለቤቱ እንዲከፍተው ይፈቅዳል፤ ሌላው በፍጹም አይፈቅድም። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ሲያቆም፣ ቡት ሎደሩ የተከፈተለት ሰው ሌላ ሲስተም ጭኖ ጥቂት ዓመት ይጨምራል። ያልተከፈተለት ሰው ደህናውን ስልክ ይዞ ይቀመጣል።

ይህ ለኛ የቅንጦት ክርክር አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕና ያገለገለ ስልክ ገዝቶ የሚሠራ፣ የሚማር ሰው በበዛበት ከተማ የዕቃ ዕድሜ ማለት ገንዘብ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። እነዚያን ማሽኖች ለተጨማሪ ዓመታት ሥራ ላይ የሚያቆያቸው ሌላ ከርነል ተቀብለው መነሳት መቻላቸው ነው። ያንን የቻሉት ደግሞ በ1991፣ በ1995 እና በ1996 የተጻፉት ውሎች ለሁሉም ሰው ክፍት ስለነበሩ ነው።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ናት። በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ስለ ካሜራውና ስለ ሜሞሪው ብቻ አትጠይቁ። «ቡት ሎደሩ ይከፈታል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። ሻጩ ግራ ገብቶት ሊያያችሁ ይችላል። ግድ የለም፤ ጥያቄው ከተደጋገመ መልስ ማፈላለጉ አይቀርም።